«ቢሆን ኖሮ» ስለሚባለው የታሪክ አጻጻፍና ስለ መተማ

የሆነውን ታሪክ ከመካከሉ ቈርጦ፥ ያልሆነውን «ቢሆን ኖሮ» እያለ የሚቀጥል አንድ የአጻጻፍ ዐይነት አለ። ብዙ ሰው እንደ ጨዋታ ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን በሚገባ የተጻፈ እንደ ሆነ የሰውን ምክርና ፍርድ መመርመሪያ ነው። ዋጋውም የሚታወቀው ጸሐፊው ታሪኩን በቈረጠበት ስፍራ ነው።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነው የማርሻል በርናዶት ነገር ነው። የስዊድን ንጉሥ ካርል 13ኛ ወራሽ ስላልነበራቸውና የተመረጠላቸውም አልጋ ወራሽ በድንገት ስለ ሞተ፥ የአገሩ መማክርት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1810 ዓ.ም. በኤሬብሮ ከተማ ተሰብስበው የናፖሌዎንን የጦር አለቃ፥ ባዕዱን ፈረንሳዊ፥ ለዙፋን መረጡት። እርሱም የካቶሊክ ሃይማኖቱን ትቶ የሉተርን ሃይማኖት ተቀበለ፤ በ1813 በቀድሞ ጌታው ላይ ዘመተ፤ በ1818 ነገሠ፤ ዘሩም እስከ ዛሬ በዙፋኑ ላይ ነው። «በርናዶት እምቢ ብሎ ቢሆን ኖሮ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ታሪኩን የሚቈርጠው በትክክለኛው ስፍራ ነው፤ በመራጮቹም በተመራጩም ፊት ሁለት መንገድ ተዘርግቶ ነበርና።

በእኛ አገር ይህ አጻጻፍ ደጋግሞ የሚነሣው ስለ መተማ ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት የድርቡሽን አጥር ጥሶ ለድል ሲቃረብ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቈሰሉ፤ ሠራዊቱም ተፈታ፤ እርሳቸውም ዐረፉ። «ያች ጥይት ባትመታቸው ኖሮ፥ ጣልያን በዚያው ዓመት በሐምሌ አስመራን ባልያዘ ነበር» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ኀዘኑ እውነተኛ ነው፤ አጻጻፉ ግን ደካማ ነው። ጥይት ምክር የላትም፤ ዕድልን ብቻ የሚለውጥ ደራሲ አንባቢውን ያስቈጨዋል እንጂ አያስተምረውም።

የተሻለው ስፍራ ከጦርነቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ይገኛል። ጎንደር በጥር 1880 ዓ.ም. ተዘርፋ፥ አብያተ ክርስቲያናቷም ከተቃጠሉ በኋላ፥ አፄ ዮሐንስ ለድርቡሽ የጦር አለቃ ለሐምዳን አቡ ዐንጃ የዕርቅ ደብዳቤ ጻፉ። አሳቡም አውሮጳውያን የሁለቱም ወገን ጠላቶች ናቸውና እርስ በርስ መዋጋት አይገባም የሚል ነበር። የተመለሰላቸው መልስ ግን ስድብና እስልምናን ተቀበል የሚል ቃል ነበር። ዕርቁ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይህ ጥያቄ ክብደት አለው፤ የኸሊፋው መንግሥት ራሱ በ1890 ዓ.ም. በኦምዱርማን በእንግሊዝና በግብጽ ጦር ፈርሷልና።

በርናዶት ለዙፋን ሲል ሃይማኖቱን ለወጠ፤ አፄ ዮሐንስ ግን እምቢ ብለው ሞቱ። ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ አመስግኖ ብዕሩን ያኖራል። ነገር ግን በሩን የዘጋው ጠላት ብቻ ሲሆን፥ የወገን እጅ ገና አልተመረመረም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ የእስላም ሹማምንት ክርስትናን እንዲቀበሉ፥ አለዚያም ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዘ። የወሎው መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ሆኑ። የእኛ በርናዶት እርሳቸው ናቸው። እምቢ ካሉት ግን ብዙዎቹ ተሰደዱ፤ አንዳንዶቹም ወደ ሱዳን ተሻግረው ከድርቡሽ ጋር ቆሙ። በመተማ የተሰማው «ሃይማኖትህን ለውጥ» የሚለው ቃል፥ አስቀድሞ በቦሩ ሜዳ ተሰምቶ ነበር።

አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ባሳተሙት «ጦብያ» በተባለው ልብ ወለድ ታሪክ፥ አረመኔው ንጉሥ ክርስትናን የሚቀበለው ድል አድርጎ ሳለ ነው፤ በአዋጅ ሳይሆን ወድዶ። ልብ ወለዱ ምኞት ነው ተብሎ ቢነቀፍም፥ በዚህ አንድ ነገር ከብዙ የታሪክ ጸሐፊ ይልቅ ጠልቆ አይቷል።

እንግዲህ ስለ መተማ «ቢሆን ኖሮ» ብሎ ሊጽፍ የሚወድ ሰው ጥይቲቱን ይተዋት፤ ከደብዳቤው ይነሣ፤ ከደብዳቤውም ወደ ቦሩ ሜዳ ይመለስ። በዚያ የመከሩት ባዕዳን አልነበሩም፤ ሌላ ምክርም ሊመከር ይቻል ነበር። ከሁሉ የሚከብደው «ቢሆን ኖሮ» በገዛ ወገን እጅ የነበረው ነው።