ከላይ የታየ ደን፣ ከታች የቀረ ገበሬ

ጀርሚ ሳይፈርት ያቀረበው «የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች» የተሰኘ አጭር ዘጋቢ ፊልም ዓይን ይይዛል። ካሜራው ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ሲመለከት፣ በታረሰው ቡናማ መሬት መካከል አረንጓዴ ክብ ይታያል፤ በክቡም እምብርት የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ። ፊልሙ የእምነትንና የዛፍን ቁርኝት አክብሮ ያሳያል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ከሰማይ ሲታይ ገበሬው ራሱ ያ ቡናማ ቀለም ሆኖ ይቀራል። ሰውነቱ ይጠፋና የደኑ ባላጋራ ይመስላል። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው።

የደቡብ ጎንደርን ደኖች በእግራቸው የዞሩት ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ከብት እንደ ልቡ በሚገባበት ደን ችግኝ ለመተካት እንደሚቸገርም አሳይተዋል። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር የያዙት መፍትሔ የድንጋይ ካብ ነው። ድንጋዩ የሚለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው፤ ማሳው ይጸዳል፣ ደኑም ይታጠራል። እንግዲያስ የዚህ ታሪክ ዋና ገጸ ባሕርይ ካቡ ነው፤ ካቡም የገበሬው የእጅ ሥራ ነው።

ካቡ ግን ጥያቄ ያስነሣል። ከደኑ የተከለከለችው ላም የት ትጋጥ? ማገዶ የምትለቅመው እናትስ ወዴት ትሂድ? ብዙው ገበሬ መልሱን በባሕር ዛፍ ፈልጓል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ገንዘብም ያመጣል፤ የጽድንና የወይራን ቦታ ግን አይተካም።

የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችውን የጋይንቷን ቤተ ልሔም እናስታውስ። ቶማስ ፓክንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 እዚያ ሲደርስ፣ በክቡ የሣር ክዳን ሥር ተሸሽጎ ያገኘው ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ነበር። ክዳኑን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ቤተ ልሔምን አየሁ ሊል አይችልም። ደኑም እንዲሁ ነው። ከአረንጓዴው ሥር ጎጆ አለ፤ ከጎጆው ውስጥ አኮፋዳውን ያንጠለጠለ የቆሎ ተማሪ አለ። ያ አኮፋዳ የሚሞላው ከገበሬው ቤት ነው። ገበሬው ሲራብ ተማሪው ይራባል፤ ድጓውም አብሮ ይራባል።

ደኑን ያቆየው እምነት ነው ቢባል እውነት ነው። እምነቱን የመገበው ግን ማሳው ነው። ቀጣዩ ፊልም ሠሪ ካሜራውን ከሰማይ አውርዶ ከካቡ ውጭ ያለውንም ያሳየን።