«አገራችሁ ነው፤ ምን እነግራችኋለሁ?»

አዲስ አበቤ በእግሩ መሄድ ከጀመረ ሰነባበተ። ታክሲ አጥቶ ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ድሮም ተክኖበታል። ገንዘብ ከፍሎ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ተራራ ሊወጣ መሄዱን ነው የምላችሁ። «ሃይኪንግ» ይባላል። «የእግር ጉዞ» ብንለው ለአንድ ነገር ገቢ ማሰባሰቢያ ስለሚመስል ነው መሰል፣ የአማርኛ ስም ሳይወጣለት ቀረ። ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ቦርሳውን አዝሎ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ የረር፣ ወደ ወንጪ የሚሄደውን ወጣት ሳይ ደስ ይለኛል። እኔም ጉልበቴ እስከፈቀደ ድረስ ከኋላ ከሚከተሉት አንዱ ነኝ። አገርን በመኪና መስኮት ማየትና በእግር መርገጥ ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልነቅፍ የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ።

ጠቤ ከአንድ ነገር ጋር ነው፤ ከአመራራችን። ወይም ካለመመራታችን።

ይህ ነገር ጎልቶ የሚታየው ውርጭ ምድር ላይ ነው። ከደጋ በላይ፣ ገብስ እንኳ እምቢ የሚልበት፣ ሣርና አስታ፣ ጅብራና ጨረንፌ የሚበቅልበት፣ ሌሊት ውሃው በረዶ የሚሠራበት አገር ማለቴ ነው። የሰሜን ተራሮች አናት፣ ወደ 4000 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለው የባሌው ሰነቴ፣ የመንዙ ጓሳ ከዚህ ይመደባሉ። ከአፍሪካ መሬት ውስጥ ከ3000 ሜትር በላይ የሆነው አብዛኛው ያለው እዚህ እኛው ዘንድ ነው። ታዲያ እዚህ ምድር ላይ ሰው ብቻውን አይሄድም። ሰሜን ብትሄዱ ደባርቅ ላይ ተመዝግባችሁ አስጎብኚ ትይዛላችሁ፤ ጠመንጃ ያነገተ ስካውትም ይታዘዝላችኋል። ሌላውም ቦታ ይነስም ይብዛም ወጉ ይኸው ነው። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ የምንከፍለው ለመመራት ነው ወይስ ለመታጀብ?

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ከአንድ የጉዞ ቡድን ጋር ከነዚህ ቦታዎች ወደ አንዱ ወጥቼ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም፤ አስጎብኚው እንጀራውን የሚበላበት ቦታ ነው። ወደ 40 እንሆናለን። ከመሐላችን ሦስቱ ስፒከር ይዘዋል፤ ሦስቱም ለየራሳቸው ዘፈን ከፍተዋል። አስጎብኚው ጨዋ ልጅ ነው። ከኛ ቀደም ብለው ለወጡ ሁለት ፈረንጆች በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ ጠጋ ብዬ ሰምቼዋለሁ። ስለ ጅብራው፣ ስለ አለቱ አፈጣጠር፣ ስለ ወፉ ከነላቲን ስሙ አንድ በአንድ ያብራራል። እኛ ዘንድ ሲመጣ ዝም አለ። ከፊት ከፊታችን እየሄደ «በዚህ በኩል»፣ «ገደሉን ተጠንቀቁ» ብቻ። «ለኛስ አትነግረንም እንዴ?» ብለው ከልቡ ገርሞት ሣቀ።

«አገራችሁ ነው እኮ፤ ምን እነግራችኋለሁ?»

ይህን አነጋገር ብዙ ቀን አብሰልስዬዋለሁ። ልጁን አልፈርድበትም። ሙያው የቆመው በፈረንጅ ነው፤ የተማረውም፣ የተለማመደውም፣ ጉርሻ የሚያገኘውም በእንግሊዝኛ ነው። ቀበሮውን ለአገሩ ሰው በአማርኛ ተናገር ብሎ ያስተማረው የለም። እኛም ብንሆን አልጠየቅነውም። የአገሩ ልጅ ሁሉ አገሩን አውቆ የተወለደ ይመስል፣ አንዱ ላለመናገር ሌላው ላለመጠየቅ ተስማምተን ስንጓዝ ዋልን። ቦሌ ተወልዶ ያደገ ወጣት ጭላዳን ከሌላው ዝንጀሮ እንዴት ብሎ ይለይ? ጅብራ ዓመታት ሲያድግ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚሞት በምን ይወቅ? ስላላወቀም ነው ፎቶ እየተነሣ አበባውን ለማንበርከክ ሲታገል የነበረው።

ስካውቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ስድሳውን ያለፉ ሰውዬ ናቸው፤ በርኖስ ደርበዋል፣ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አግድም አድርገዋል። ወጣቶቹ «ፋዘር» ይሏቸዋል። «ፋዘር፣ ቦርሳዬን ያዙልኝ!»፣ «ፋዘር፣ አንድ ፎቶ አንሡን!» እሳቸውም ያዙ፤ አነሡ። ከኋላ ስለቀረሁ ከሳቸው ጋር ገጠምኩ።

«ጋሼ፣ ቀበሮ እናይ ይሆን?» አልኳቸው።

«በዚህ ጩኸት?» አሉና ወደ ስፒከሮቹ በአገጫቸው አመለከቱኝ። «ጭላዳ በሰፈረበት ግን ቀይ ቀበሮ አይታጣም። መሐላቸው ገብቶ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ግልገላቸውን አይነካ፣ እነሱም አይሸሹት።»

«ምን ፈልጎ?»

«አይጡን ነዋ! እነሱ ሣሩን ሲነጩ አይጡ ይደናበራል።»

ልብ በሉ፤ ይህ ተረት አይደለም። መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2007 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት አለ። ቀይ ቀበሮ ጭላዳዎች መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶው 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲያድን ግን 25 ጊዜ ብቻ። ግኝቱ በዓለም ጋዜጦች ላይ ሳይቀር ተወርቷል። ሰውዬው ጥናቱን አላነበቡም። ከብት ሲጠብቁ ያዩትን ነው የነገሩኝ። «ይህን ለነዚያ ለምን አይነግሯቸውም?» ብዬ ወደ ፊተኞቹ ጠቆምኩ። «ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ሆዴን የሚበላኝ። ፈረንጁ ከኒህ ሰው ጋር ቀኑን ሙሉ ቢሄድ ቋንቋ ይለየዋል። የሚሰማው አስጎብኚው በተማረው እንግሊዝኛ አጣርቶ ያቀበለውን ብቻ ነው። እኛ ግን ያለ ማንም አስተርጓሚ አፋችንን ከፍተን መጠየቅ እንችላለን። ፈረንጁ በሺህ ዶላር የማይገዛው ይህ ነው፤ እኛ በነፃ ይዘነው ሄደን በነፃ ይዘነው ተመለስን። ቦርሳ አሸከምንበት እንጂ።

«ወጣቱ ሊዝናና ነው የወጣው፤ ትምህርት ቤት አታድርግበት» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ተዉኝ እስቲ። መዝናናቱን ማን ከለከለ? ሙዚቃ የሚሰማበት ቦታ ግን ሞልቷል። ጭላዳው ገደል ሥር ሲደበቅ፣ ቀበሮው ኮረብታ ሲሻገር፣ ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባዶ ሜዳ አይቶ የሚመለሰው ራሱ መዝናናት የፈለገው ሰው ነው። የምሳው ትራፊ ነገርም አለ። ሜዳ ላይ የሚጣል ምግብ ውሻ ይስባል፤ ውሻ ደግሞ ለቀይ ቀበሮ ከጥይት አያንስም። ባሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል፤ በሽታው የሚዛመተው ከቤት ውሻ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ቀበሮ 500 የማይሞላ መሆኑን ስታስቡ፣ የአንድ ፌስታል ትራፊ ነገር ቀላል አይደለም።

ስለ ጓሳ ትንሽ ልቆይ፤ በአማርኛ ሊነገር የሚገባው ነገር ሞልቶ እንደተረፈ የሚያሳየው እሱ ነውና። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። መንዜው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ለዝናብ የሚለብሰውን ጌሳ ይሠራል። ጨረንፌውን ያነድዳል። 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ ሜዳ እስከ ዛሬ የቆየው ግን ሰው ስላልነካው አይደለም። ሰው ሕግ ስላወጣለት ነው። ሕጉ ቄሮ ይባል ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ከሰማነው ከሌላው ቄሮ ጋር አታምታቱት። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። የአስቦና የገራ ዘር የሚባሉት ባለ ርስቶች አለቃ ይመርጣሉ፣ ሜዳውን ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጉታል። በዚያ ጊዜ ማጨድም ማሰማራትም የለም። ሣሩ ሲደርስ በአዋጅ ይከፈታል፣ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል፣ እንደገና ይዘጋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስቱ ቀረ፤ ከርስቱ ጋር ቄሮውም ፈረሰ። ርስት ያልነበራቸው ሰዎች በዚያ ቀን ደስ ብሏቸዋል፣ እውነታቸውንም ነው፤ ሣሩ ግን ባለቤት አጣ። ከዚያ በኋላ ነው ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን የመለሰው፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የሚባለው ይኸው ነው።

አያችሁ፣ ይህ ሁሉ የእንግሊዝኛ ምሁራን መጽሔት ላይ በሰፊው ተጽፏል። መንዜ ሽማግሌም በቃሉ ያውቀዋል። በሁለቱ መሐል ያለነው አማርኛ አንባቢና ተናጋሪ ጎብኚዎች ነን የማናውቀው። ጓሳ ላይ ቆመን «ዋው፣ ሲያምር!» እንላለን። የሚያምረው ግን አንድ ገበሬ ቤቱ እያፈሰሰ፣ ሣሩ ደጁ እያለ፣ «ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ማጭዱን ስላስቀመጠ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ሣሩ ላይ አረማመዱ ራሱ የሚለወጥ ይመስለኛል። የሚከፍለውንም የመግቢያ ዋጋ አይከራከርም። ለአገሬው ሰው ዋጋው ከፈረንጁ ዝቅ ተደርጎለት እንኳ «አገሬን ለማየት ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ስንት ሰው ሰምቻለሁ! ማጭዱን ላስቀመጠው ሰው የሚከፈል ኪራይ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል?

እናም የጉዞ አዘጋጆች አንድ ነገር ብትሞክሩ። መርሐ ግብራችሁ ላይ «የቡና ሰዓት»፣ «የፎቶ ሰዓት» ትላላችሁ። ግማሽ ሰዓት ለስካውቱ ስጡት። ከአበሉ ላይ የአንድ ቀን ጨምራችሁ፣ ክብ ሠርታችሁ አስቀምጣችሁ አስወሩት። አርባ ሰው ይዞ መሄድም ይብቃ፤ ከአሥራ አምስት በላይ የሆነ ቡድን አስጎብኚ አይሰማም፣ እርስ በርሱም አይሰማማም። አስጎብኚ የምታሠለጥኑም፣ ሠልጣኙ እንደ እንግሊዝኛው ሁሉ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ተፈትኖ ይለፍ። ሰነቴ ላይ የባሌ ኦሮሞ እረኛ ስለ ፍልፈሉና ስለ ቀበሮው የሚያወራውን በቋንቋው የሰማ አዲስ አበቤ ስንት ይሆን?

ይህን የምጽፈው የጎብኚ ወሬ በጠፋበት ጊዜ መሆኑን አልረሳሁም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ በተነሣው ግጭት ምክንያት ወደ መንዝም ሆነ ወደ ሰሜን የሚሄደው ሰው እጅግ ሳስቷል። ስካውትም፣ በቅሎ ነጂም፣ አስጎብኚም በተራ ነው የሚሠራው። አውቶቡስ ካልመጣ ተራ አይደርስም፤ ተራ ካልደረሰ አበል የለም። አዘጋጆቹም ጉዟቸውን ወደ ከተማው ዙሪያ አዙረዋል። ሜዳው ላይ ያሉት ሰዎች ግን ሣሩን የሚጠብቁት አሁንም ነው፤ ያውም እኛ የምንቆርጠው ቲኬት ሳይኖር።