«ሊያስከትል ይችላል» እና «አስከትሏል»፤ ስለ ሐኪም ምስክርነት አተረጓጐም

መርዛማ ነገር ወይም መድኃኒት ጉዳት አደረሰብን በማለት በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በአምራቾች ላይ የሚቀርብ ክስ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናውም የሚወድቀውም በልዩ አዋቂዎች ቃል ነው። ይህን ቃል ወደ አማርኛ ስንመልስ ሁሉንም «ምክንያት ነው» በሚል አንድ አነጋገር የማጠቃለል ልማድ አለን። ልማዱ መታረም ያለበት ይመስለናል።

ሕጉ ሁለት ጥያቄዎችን ለያይቶ ያቀርባል፦ ነገሩ እንዲህ ያለውን ጉዳት በሰው ላይ ለማድረስ ይችላልን? የዚህንስ ከሳሽ ጉዳት ያደረሰው እርሱ ነውን? የልዩነቱ ክብደት በዳውበርት ጉዳይ ጎልቶ ታይቷል። ሁለት ሕፃናትና ወላጆቻቸው፣ እናቶቹ በእርግዝና ጊዜ ለማቅለሽለሽ የወሰዱት ቤንዴክቲን የተባለ መድኃኒት የአካል ጉድለት አስከትሏል ሲሉ አምራቹን ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ዳኛው የልዩ አዋቂውን ዘዴ አስተማማኝነት እንዲመረምር ወሰነ። ጉዳዩ የተመለሰለት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ1995 ለአምራቹ ፈረደ። ከከሳሾቹ ልዩ አዋቂዎች ከአንዱ በቀር ሁሉም የተናገሩት መድኃኒቱ ጉዳቱን ሊያስከትል እንደሚችል ብቻ ነበር፤ «አስከትሏል» ያለው አንዱም በምን ዘዴ እንደ ደረሰበት አላስረዳም። በሕዝብ ላይ በተደረገ ጥናት ለመርታትም መድኃኒቱ አደጋውን ከእጥፍ በላይ ማሳደጉን ማስረዳት ያስፈልግ ነበር።

እንግዲህ ተርጓሚው ሁለቱንም «የጉዳቱ ምክንያት ነው» ቢል፣ ከሳሹ ያላስረዳውን እንዳስረዳ ያስመስለዋል። «ሰበብ» ቢል ደግሞ ቃሉ የማመካኛ ትርጉም ስላለው ከሳሹን በሐሰተኝነት ያስጠረጥረዋል። ለሁለተኛው ጥያቄ «ልዩ ምክንያት» ማለትም አይበጅም፤ አንባቢ «ያልተለመደ፣ እንግዳ» ብሎ ይረዳዋልና።

እኛ በሕክምና ቋንቋችን ሥር የሰደደውን «መንሥኤ» እንመርጣለን፤ ለመጀመሪያው «አጠቃላይ መንሥኤነት»፣ ለሁለተኛው «የተናጠል መንሥኤነት» ቢባል እንወዳለን። ነገር ግን ስሙ ብቻውን አይበቃም፤ ግሡ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። «ሊያስከትል ይችላል» የነገሩን ጠባይ ይገልጻል። «አስከትሎ ሊሆን ይችላል» ስለ አንድ ሰው የሚነገር ግምት ነው። «አስከትሏል» የጸና ቃል ነው። የፍትሐ ብሔር ክስ የሚጠይቀው ከግምት ከፍ፣ ከእርግጠኛነት ዝቅ ያለውን ነው፤ ከእጥፍ በላይ መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። ለዚህ ደረጃ «ያስከተለ መሆኑ ሚዛን ይደፋል» የሚለው ይስማማል።

አማርኛችን አራቱንም ደረጃዎች እየለየ ሳለ ተርጓሚው ሊያደባልቃቸው አይገባም። ሐኪሙ ያላለውን እንዳለ አድርጎ መጻፍ ምስክር ከመለወጥ አይለይም።