«ተቃዋሚ»፣ «አጋጅ» ወይስ «መግቻ»?
በጋራዥ የኤሌክትሪክ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ የሙያ ስያሜ የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ባለው መልክ ሳይሆን ከሠራተኛው እጅ ሲገባ በሚያስከትለው ሥራ ነው። ብሔራዊ የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ለሙያ ቃላት ብዙ ተደክሟል። ሆኖም ከባዕዱ ቃል ተነሥቶ አቻ የመፈለግ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ ከዕቃውና ከሥራው የሚነሣ ጥቂት ነው። የዚህን ልማድ ጉድለት ለማሳየት አንድ ጠባብ ጉዳይ መርጫለሁ፤ ይኸውም በተሻሻለ መኪና ላይ ሌላ ዓይነት የነዳጅ መርጫ ሲገጠም በኤሌክትሪክ መሥመሩ ላይ የሚጨመረው ሬዚስተር ነው። ይህ ሥራ በሽንዲ ወይም በፍኖተ ሰላም ጋራዦች በየቀኑ የሚሠራ አይደለም፤ እዚያ የሚበዛው የናፍታ ጭነት መኪና ነው። ለሂስ የሚመቸውም ስለዚህ ነው፤ ሠራተኛው በልምድ ስለማያውቀው በቃሉ ብቻ ይመራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርጫው በኤሌክትሪክ መግነጢስ የሚከፈት ክዳን አለው። ብዙዎቹ መርጫዎች ከ12 እስከ 16 ኦም ስለሆኑ በ12 ቮልት ወደ 1 አምፔር ብቻ ይስባሉ። ብዙ ነዳጅ እንዲረጩ ተብለው ከሚገጠሙት አንዳንዶቹ ግን ከ2 እስከ 3 ኦም ናቸው። ባለ 2.5 ኦሙ 4.8 አምፔር ይስባል፤ ለ1 አምፔር የተሠራው የሞተሩ ኮምፒዩተር ይህን አይችልም፤ ይቃጠላል። በመርጫው መሥመር 7.5 ኦም ቢጨመር ጠቅላላው 10 ኦም፣ ጅረቱም 1.2 አምፔር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተሠሩት የቶዮታና የሆንዳ መኪኖች አንዳንዶቹ ይህን ዕቃ ከፋብሪካ ይዘው ወጥተዋል።

እንግዲህ ለዚህ ዕቃ ምን ስም እንስጠው? «ተቃዋሚ» የሚለው ለእንግሊዝኛው ቃል እንጂ ለዕቃው የተሰጠ ትርጉም ነው ለማለት ያስቸግራል። መቃወም ፈቃድ ያለው ፍጡር ግብር ነው፤ በአገራችንም ቃሉ በፖለቲካ ተይዟል። «አራት ተቃዋሚዎችን አምጥተህ እሰር» የሚል መመሪያ በጋራዥ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የሚያስከትለውን ለአንባቢ እተዋለሁ።

«አጋጅ» እና «ከልካይ» ከዚህ የባሱ ናቸው፤ የሚያስቁ ሳይሆን የሚያሳስቱ ናቸውና። ያገደ ነገር አያሳልፍም። ጅረት የማያሳልፈው የሽቦው ልባስ ነው፤ ሲበዛበት የሚቆርጠው ፊውዝ ነው። እዚህ የምንናገርለት ግን ያሳልፋል፣ አይቆርጥም፣ ልክ ያስይዛል፤ የቀነሰውንም ወደ ሙቀት ይለውጣል። ዕቃውን ከፊውዝ ለይቶ ያላወቀ ሠራተኛ በፊውዙ ቦታ ቢያስገባው የፊውዙን ጥበቃ ያጣል፤ በመርጫው መሥመር ፊውዝ ብቻ ቢያስገባም ኮምፒዩተሩን ለአደጋ ይተወዋል።

«ሬዚስተር» ብለን ብንተወውስ? በመርሕ ደረጃ አልቃወምም። ጋራዡ ፍሪሲዮንን፣ ካንዴላን፣ ባልስትራን፣ ካቻቪቴን ከጣሊያንኛ ወስዶ የራሱ አድርጓል፤ ማንም በዚህ አላፈረም። ነገር ግን «ሬዚስተር» በብዙ ሰው አእምሮ የሬድዮ ጠጋኙን የስንዴ ቅንጣት የምታህል ዕቃ ይሥላል፤ ያችም የሩብ ዋት ናት። በመኪናው ላይ ያለው መርጫው በተከፈተ ጊዜ ወደ 11 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል፤ ስለዚህ ብረት ለበስ ሆኖ ነፋስ ከሚያገኘው ብረት ላይ ይታሰራል። ከሁሉም በላይ የተውሶ ስሙ ግሥ የለውም።

የእኔ ምርጫ «መግቻ» ነው። «ፈታ» ፈቺን፣ ፍቺን፣ መፍቻን እንደ ወለደ ሁሉ «ገታ»ም ገቺን፣ ግቺን፣ መግቻን ይወልዳል። መፍቻን በየቀኑ የሚጨብጥ እጅ መግቻን ለመልመድ አይቸገርም። መግቻው ዕቃው፣ ግቺው በኦም የሚለካው ጠባይ ይሆናል። በጋዜጣ ቋንቋ «መግታት» ፈጽሞ ማቆም ሆኗል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነትም አለው። ሆኖም ፈረሱን በልጓም የገታ ሰው ሁልጊዜ አያቆመውም፤ እርምጃውን ልክ ያስይዘዋል። የጎጃም ባላገር ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

ነገር ግን ስሙ ተስተካክሎ አገባቡ ካልተስተካከለ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ስያሜ አውጪዎችም ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ነው። «አራቱን መግቻዎች ከመርጫዎቹ ጋር በተከታታይ አያይዝ» ሲባል ደራሲው የፈለገው እያንዳንዱ መግቻ በየራሱ መርጫ መሥመር እንዲገባ ነው። «በተከታታይ» ግን በአማርኛ አንዱ አንዱን እየተከተለ መሰለፍ ነውና አንባቢው አራቱን መግቻዎች እርስ በርስ ይቀጥላቸዋል። ያን ጊዜ መግቻዎቹ ብቻ 30 ኦም ይሆናሉ፤ በአንድ መርጫ የሚያልፈው ጅረት ከ0.4 አምፔር በታች ይወርዳል፤ ክዳኑም ላይከፈት ይችላል። ሞተሩ አልነሣ ሲል የሚወቀሰው መካኒኩ ነው፤ የሳተው ግን ተርጓሚው ነው። «በየመርጫው መሥመር አንዳንድ መግቻ አስገባ» ቢባል ስሕተቱ ባልተፈጠረ ነበር፤ የሚያስፈልገው «በየ» እና «አንዳንድ» ብቻ ነው።

ለመርጫው ራሱ «መርጫ» ያልሁት በቆሎና በርበሬ አምራቹ የወምበርማ ገበሬ የፀረ ተባይ መርጫውን በዚሁ ስም ስለሚያውቀው ነው፤ ሥራቸውም አንድ ነው፤ ፈሳሽን በግፊት ማርከፍከፍ። በናፍታ መኪና «ኖዝል» የሚለው ሥር ስለሰደደ ይቆይ።

የሚቀረው መግቻ ሳያስፈልገው ክዳኑን በብዙ ጅረት ከፍቶ ከዚያ በጥቂቱ የሚይዘው መሣሪያ ነው፤ መግቻ ከተጨመረበት መሥመር ይልቅ ክዳኑን ፈጥኖ ስለሚከፍት ባለሙያዎች ይመርጡታል። ለእርሱ «አርሶ አደር» በተሠራበት ስልት «ከፍቶ ያዥ» የሚለውን አቀርባለሁ፤ ሆኖም በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካኒኮች አፍ ተፈትኖ ሳይታይ በመዝገብ እንዲገባ አልደግፍም።