የ3 ሴንቲ ሜትር ሂሳብ

ጎንደር ውስጥ ዝቅ ያለች የቤት መኪና ጋራዥ ገብታ ጉድጓዱ ላይ ስትቆም፣ መካኒኩ ከሥር ሆኖ የዋለችበትን ያነባል። የተላጠ ካርተር፣ የተጨረመተ ማርሚታ፣ ከፊት ፓራውልት ሥር የተሰነጠቀ ፕላስቲክ። ወደ ኋላ በረጅሙ የተሳበ ጭረት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሥራ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ የጎደጎደ ግን የኮረኮንች ድንጋይ ነው።

እንዲያም ሆኖ ሞላ አስቆርጦ መኪናውን ይበልጥ ዝቅ የሚያደርግ አይጠፋም። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። መኪና ሲታጠፍ ጫናው ወደ ውጭኛው ጎማ ይዞራል፤ የክብደቱ ማዕከል ዝቅ ባለ መጠን የሚዞረው ይቀንሳል፣ አያያዙም ይጠብቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደል ተፈልፍሎ በወጣው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መሪ ለያዘ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን ምን ያህል? 1,100 ኪሎ የሚመዝን፣ የግራና የቀኝ ጎማው 1.5 ሜትር የሚራራቅ፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ መኪና እንውሰድ። የክብደቱን ግማሽ በሚያህል ኃይል ወደ ጎን ሲገፋ 183 ኪሎ ያህል ወደ ውጭኛው ጎማዎች ይዞራል። በ3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢደረግ 172 ይሆናል። ትርፉ 11 ኪሎ! ከሆዱ ሥር 15 ሴንቲ ሜትር የነበረው መኪና ግን የክፍተቱን አንድ አምስተኛ አጥቷል። ይባስ ብሎ የተቆረጠ ሞላ ሸካራ መንገድ ላይ ጎማውን ያዘልላል፤ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ለፍሬንም ለመሪም አይታዘዝም።

በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ እስኪደረስ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። ፈተናው ከዚያ ወዲያ፣ ወደ ሳንቃ በርና ጨነቅ በሚወስደው ጠጠር ላይ ይመጣል። የከባድ መኪና ጎማ ግራና ቀኙን ቦይ ሲያደርገው መሐሉ ያብጣል፤ አምስት ሰውና ሻንጣ የጫነች መኪና ሞላዋ ረግቦ ያንን እብጠት በሆዷ ትጠርገዋለች።

ስፔሰር አስገብቶ ከፍ ማድረግም ዋጋ አለው፤ ከልክ ካለፈ የሴሚያሱ መታጠፊያ ያለ ማዕዘኑ እየሠራ ቶሎ ያልቃል። ካርተሩን የሚሸፍን ላሜራ ይሻላል፣ እሱም ግን ከክፍተቱ ይቀንሳል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሎ የኤሌክትሪኩ ሲበዛ፣ ከወለሉ ሥር የሚቀመጠው ትልቅ ባትሪ ነውና ጥንቃቄው ይብሳል።

ሞላ ለማስቆረጥ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ቤተሰቡንና ሻንጣውን ጭኖ ከካርተሩ እስከ መሬት በሜትር ይለካ። ካርተሩ የተመታበት ደግሞ ጥቂት ልሂድ አይበል፤ ሞተሩን አጥፍቶ ከሥር ይመልከት። ዘይቱ ከፈሰሰ ሞተር ለመንከስ ብዙ ኪሎ ሜትር አይፈልግም።