የልብስ ሰፊው ሂስ

የአማርኛ ፊልም ስታዩ የተዋንያኑን ልብስ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የቀን ሠራተኛው ሸሚዝ ላይ ከካርቶን የወጣበት እጥፋት ይታያል። ዛሬ ከገጠር የመጣው ልጅ ጂንሱ ልክክ ብሎበታል። ባለሥልጣኑ ደግሞ የታላቅ ወንድሙን ኮት የተዋሰ ይመስላል፤ ትከሻው ወድቋል፣ እጅጌው ጣቱን ሸፍኗል። መጨረሻ ላይ ምስጋና የሚጎርፍለት ቡቲክ ነው። የልብስ ሰፊ ስም ፈልጌ አጥቻለሁ።

ይህን ያሳሰቡኝ ድሬዳዋ፣ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ውስጥ ከሲንጀራቸው ጋር የሚውሉ አንድ አዛውንት ናቸው። ሱሪ ላሳጥር ገብቼ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። «አቦ ቁጭ በል፣ ምን ያስቸኩልሃል!» አሉኝ። (የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም፤ ሃምሳን ላለፈ ሰው «አንተ» መባል ደስ ይላል።) ግድግዳው ላይ ከመጽሔት የተቆረጠ የአሚታብ ባቻን ፎቶ አለ፤ ሸሚዙን ሆዱ ላይ ቋጥሮ።

ድሮ ጎረምሳው የህንድ ፊልም አይቶ ሲወጣ ጨርቁን ይዞ እሳቸው ጋ ነበር የሚመጣው፤ «እንደሱ ስፉልኝ» እያለ። ስለዚህ እሳቸውም ሲኒማ ይገባሉ፤ የኮሌታውን ስፋት፣ የኪሱን ቦታ፣ የቤልቦተሙን አከፋፈት ሊያጠኑ። «ታሪኩን አላውቀውም፣ ሱሪውን ጠይቀኝ» አሉኝ። እኔ ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ የሚያነብ ተማሪ አልገጠመኝም።

ያ ቋጠሮ ራሱ የልብስ ሰፊ ስህተት ነው። ባቻን እንደተናገረው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ለታየው «ዲዋር» ሸሚዙ ረዝሞ ተሰፍቶ መጣ፤ ቋጠረውና ተቀረጸ፤ ፋሽን ሆነ። ይህን ስነግራቸው አልሳቁም። «ያ ሰፊ ስንት ሌሊት ሳይተኛ ቀርቶ ይሆን?» አሉ።

ፈረንጆቹ ዘንድ፣ ቴሬንስ ያንግ «ዶክተር ኖ»ን (1962) ሲሠራ ሾን ኮነሪን ወደ ራሱ ልብስ ሰፊ ወደ አንቶኒ ሲንክሌር ወሰደው። ሱፉን ለብሰህ ተኛበት እንዳለውም ይወራል፤ ልብሱ የሰውየው እስኪሆን መሆኑ ነው። እኛ ጋ ኮቱ ጠዋት ከቡቲክ ይመጣል፣ ማታ ይመለሳል፤ እንዳይተረተር ተዋናዩ ክንዱን አያነሳም። የትወና ችግር ከምንለው ግማሹ የብብት ችግር ነው።

ገንዘብ የለም ትሉ ይሆናል። አዛውንቱ ግን «አንድ ሰልባጅ ኮትና ተዋናዩን ለአንድ ከሰዓት ስጠኝ» ነው የሚሉት። የዛሬ እንጀራቸውም ይኸው ነው፤ ሰልባጅ ማጥበብ፣ ሰልባጅ ማሳጠር። ሙሉ ልብስ በልክ የሚያሰፋ ከስንት አንድ ነው። ሙያውን የሚማር ልጅም አጠገባቸው አላየሁም።

የፊልም ሰው መጥቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አንዴ መጥቷል፤ ሱቁን ሊቀርጽ። እሳቸውን ደጅ አስቀምጦ፣ ወጣት ተዋናይ ልብስ ሰፊ አድርጎ ሲንጀራቸው ላይ አስቀመጠ።

«ኮቱ ሰፍቶት ነበር» አሉኝ። «ቢጠይቀኝ እኮ አጠብለት ነበር።»