በፎቶግራፍ ውስጥ ስለሚጻፍ የቦታ ቁጥር፤ የእብናትን ቤቶች በኢንተርኔት ፍለጋ ለማስቀደም በሚሸጠው ምክር ላይ የቀረበ ትችት

አክስቴ በእብናት ከተማ አልጋ ቤትና ምግብ ቤት አላቸው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ አንድ የኮምፒዩተር ሥራ የሚሠራ ሰው የቤታቸውን 12 ፎቶግራፎች አንሥቶ፥ «ቦታውን በየፎቶግራፉ ውስጥ ጽፌበታለሁ፤ ከእንግዲህ ወዲህ በእብናት ማደሪያ የሚፈልግ ሁሉ በስልኩ ላይ መጀመሪያ የሚያየው የእርስዎን ቤት ነው» ብሎ የአንድ በግ ዋጋ ያህል ገንዘብ እንደ ተቀበላቸው ነገሩኝ። ከዚያም፥ «እስቲ አንተ ተምረሃልና እየው የኔ ልጅ፤ እውነቱን ነው?» አሉኝ። በዚያን ዕለት ለመመለስ አልቻልሁም። ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ምክር በየአገሩ በዚህ ሙያ በተሰማሩ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ሸቀጥ ስለ ሆነ፥ ለጓደኞቼና ለመምህራኖቼም ባቀርበው የሚጠቅም መስሎ ታየኝ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ መግለጽ ይገባል። በዲጂታል ካሜራ ወይም በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ በዓይን ከሚታየው ሥዕል በቀር በፋይሉ ውስጥ የተሰወረ ትንሽ መዝገብ አለው። መዝገቡ «ኤግዚፍ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ደንቡ በ1995 እ.ኤ.አ. በጃፓን አገር የወጣ ነው። በዚህ መዝገብ የካሜራው ዓይነት፥ ፎቶግራፉ የተነሣበት ቀንና ሰዓት፥ የብርሃኑ መጠን ይጻፋል። ስልኩ ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት ደግሞ ኬክሮሱ፥ ኬንትሮሱና ከፍታው ይጨመራል። ይህም ቁጥር ከጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች የሚገኝ ሲሆን፥ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች ሆን ብሎ ያስገባው የነበረውን ስሕተት በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ካነሣ ወዲህ፥ ሰማይ በተገለጠበት ሜዳ ላይ የቆመ ተራ ስልክ ቦታውን በጥቂት ሜትር ስሕተት ያውቃል። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ወይም ሳተላይት በማይታይበት ስፍራ ግን ስልኩ በአካባቢው ያለውን የቴሌ ማማ ተከትሎ ይገምታል፤ ማማዎቹ በተራራቁበት ገጠር ይህ ግምት በኪሎ ሜትር ሊሳሳት ይችላል።

የነጋዴዎቹ ክርክር እንዲህ ነው። የፍለጋው መኪና፥ ይልቁንም ጉግል፥ ይህን የተሰወረ ቁጥር ያነባል፤ አንብቦም ቤቱ በእውነት በከተማው ውስጥ እንዳለ ይረዳል፤ ስለ ተረዳም ቤቱን ከባልንጀሮቹ አስቀድሞ ያሳያል። ሐሳቡ ሲሰሙት ይጥማል። እኔም መጀመሪያ ተቀብየው ነበር።

የተጠራጠርሁት ሰውየው ቁጥሩን እንዴት እንዳስገባው አክስቴ ሲያስረዱኝ ነው። ፎቶግራፎቹን ያነሣው በቤቱ ውስጥና በግቢው ነበረ፤ ቁጥሩን ግን ስልኩ አልመዘገበውም። ሰውየው ወደ ሱቁ ተመልሶ በኮምፒዩተሩ ላይ ካርታ ከፈተ፤ መርፌ የምትመስለውን ምልክት በጣቱ እየጎተተ በእብናት ላይ አኖረ፤ ፕሮግራሙም የዚያን ነጥብ ቁጥር በ12ቱም ፎቶግራፎች ውስጥ ጻፈለት። እንዲሁ አድርጎ በለንደን ወይም በጎሬ ላይ ሊያኖራት ይችል ነበር። እኔ ራሴ ይህን ስሞክር ኬክሮሱን በኬንትሮሱ ቦታ አዛውሬ ጻፍሁና እብናት ከሲሲሊ ደሴት በስተ ምዕራብ ባሕር ውስጥ ገባች። ፕሮግራሙ አንዳች ተቃውሞ አላሰማም፤ ፎቶግራፉም የአክስቴ ዶሮ ወጥ ከነሰፌዱ በባሕር ላይ መነሣቱን ያለ ሐፍረት መሰከረ።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪዎች የሚያውቁትን አንድ ነገር ላንሣ። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ የብራና ወንጌሎች በባዶ ገጾቻቸውና በኅዳጋቸው ላይ የጉልትና የመሬት ማስታወሻ ይይዛሉ። እንዲህ ያለው ማስታወሻ የሚታመነው በወንጌል ላይ ስለ ተጻፈ ብቻ አይደለም። የእማኞቹ ስም በተራ ይዘረዘራል፤ በዘመኑ የነበረው ሹምና አለቃ ይጠቀሳል፤ መጽሐፉም በካህናቱ እጅ ይጠበቃል። እማኝ የሌለው መስመር በኋላ ዘመን በሌላ እጅ ገብቶ ሲገኝ ተመራማሪው ይጠረጥራል፤ ሊጠረጥርም ይገባዋል። በፎቶግራፍ ውስጥ የገባው የቦታ ቁጥር እንግዲህ ይህን የመሰለ ጽሕፈት ነው፤ እማኝ የለውም፥ ጸሐፊው አይታወቅም፥ ባለጉዳዩ ራሱ በፈለገ ሰዓት ይፍቀዋል ይጽፈዋል። ባለጉዳይ ለራሱ የጻፈውን እንደ ማስረጃ የሚቆጥር ዳኛ ቢኖር በአንድ ሳምንት ውስጥ የችሎቱ ደጅ በሐሰተኛ ይሞላበታል። የፍለጋው መኪና ሠሪዎች ይህን አያውቁም ማለት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ችግር የመንገዱ ነው። የአክስቴ ፎቶግራፎች ከሰውየው ወደ አጎቴ ልጅ የተላኩት በቴሌግራም ነው፤ በጉግል ላይ የለጠፈውም የአጎቴ ልጅ ነው። ቴሌግራም ፎቶግራፍን እንደ ፎቶግራፍ ሲያስተላልፍ አሳንሶ ይልካል፥ የተሰወረውንም መዝገብ ያስቀራል፤ ዋትስአፕም እንዲሁ ያደርጋል። መዝገቡ የሚተርፈው በፋይል መልክ ከተላከ ብቻ ነው። የደረሱትን ፎቶግራፎች በኮምፒዩተር ከፍቼ ብመለከት ቁጥሩ ከአንዱም ውስጥ አልተገኘም። ስለዚህ አክስቴ የአንድ በግ ዋጋ የከፈሉበት ጽሕፈት ከከተማው ሳይወጣ ጠፍቷል። በሌላ ጊዜ ቁጥሩ የተጻፈበትን ፎቶግራፍ እኔው በቀጥታ ለጥፌ መልሼ ባወርደው ያኔም ቁጥሩ ተገፎ ነበር። ይህ ሁለተኛው ሙከራ ግን ብዙ አያስረዳም፤ መኪናው ቁጥሩን አስቀድሞ አንብቦ ከዚያ በኋላ ገፎት ሊሆን ይችላልና። ክርክሬ የሚቆመው በመገፈፉ ላይ ሳይሆን ማንም ሊጽፈው በመቻሉ ላይ ነው።

ጉግል ራሱ ለባለ ድርጅቶች ባወጣው መመሪያ የአካባቢ ፍለጋ ተራ በሦስት ነገሮች እንደሚወሰን ይናገራል፤ እነዚህም ቤቱ ከተጠየቀው ነገር ጋር ያለው ዝምድና፥ ከጠያቂው ያለው ርቀትና ዝናው ናቸው። በፎቶግራፍ ውስጥ ስለ ተሰወረ ቁጥር በዚህ ላይ አልተነገረም። ለሚዛናዊነት ያህል፥ ይኸው ድርጅት በፎቶግራፍ ውስጥ የሚጻፈውን ሁሉ ይንቃል ማለት አይደለም፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥዕል ፍለጋው ላይ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የባለ ሥዕሉን ስም አንብቦ ያሳያል። ይህ ግን ባለቤትነትን ለማስታወቅ እንጂ ተራን ለመስጠት አይደለም።

ርቀት የተባለው ነገር የዚህን ትችት ዋና ነጥብ አሳየኝ። ርቀቱ የሚቆጠረው ከፎቶግራፎቹ አይደለም፤ ዛሬ «ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል» እየተባለ በሚጠራውና እስከ 2021 እ.ኤ.አ. «ጉግል ማይ ቢዝነስ» ይባል በነበረው መዝገብ ላይ ባለቤቱ ለቤቱ ካኖረው ነጥብ ነው። የአክስቴን መዝገብ ከፍቼ ስመለከት ያ ነጥብ ከቤታቸው 200 ሜትር ያህል ርቆ በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ቆሟል። ሰውየው እስከ ሰከንድ የተስተካከለ ቁጥር በ12 ፎቶግራፎች ውስጥ ሲጽፍ፥ መንገደኛውን በእግሩ የሚመራውን ነጥብ አልነካውም ነበር። ስልኩን ተከትሎ ማታ የሚመጣ ሾፌር የሚያንኳኳው የትምህርት ቤቱን ዘበኛ በር ነው። አክስቴ ይህን ስነግራቸው፥ «ለካ ዘበኛው ባለፈው ‹እንግዶችሽ እኔን አላስተኛ አሉኝ› ያለኝ ለዚህ ኖሯል» አሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የስም ጉዳይ አለ፤ እኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። የከተማይቱን ስም አንዱ በአልፋው «እ» ሌላው በዓይኑ «ዕ» ይጽፈዋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ኢብናት፥ ኤቢናት፥ ኤበናት፥ ኢብኔት ተብሎ በሚነበብ በልዩ ልዩ መልክ ይገኛል። ማደሪያውንም አንዱ አልጋ ቤት፥ አንዱ ፔንሲዮን፥ አንዱ ሆቴል፥ አንዱ የእንግዳ ማረፊያ ይለዋል። በአክስቴ መዝገብ ላይ የተጻፈው ግን በላቲን ፊደል ብቻ ነበረ፤ «አልጋ ቤት» የሚልም ቃል አልነበረበትም። ከአዲስ ዘመን በኩል የሚመጣ የእህል ነጋዴ በአማርኛ «እብናት አልጋ ቤት» ብሎ ቢጠይቅ፥ መኪናው ይህን ጥያቄ ከዚያ መዝገብ ጋር የሚያገናኝበት ብዙ ነገር አላገኘም ማለት ነው። ዝምድና የሚባለው እዚህ ላይ ይጎድላል፤ የጎደለውንም የሚሞላው ጽሕፈት በግልጽ የሚነበብ እንጂ የተሰወረ አይደለም።

ዝና ስለሚባለው ሦስተኛ መለኪያ ግን ጉግልንም ሳልነቅፍ ለማለፍ አልፈልግም። እብናት በውጭ አገር ጋዜጦች ስሟ የታወቀው በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ጊዜ በነበረው ታላቅ የእርዳታ ሠፈርና፥ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ረኃብተኞች ከሠፈሩ በግድ በመባረራቸው ነው። በእንግሊዝኛ ስሟን የሚፈልግ ሰው ዛሬም ያን ወሬ በብዛት ያገኛል። በዚያ ጊዜ የተነሡት ፎቶግራፎች የኬክሮስ ቁጥር የላቸውም፤ ቦታቸውን የምናውቀው ከሥራቸው ከተጻፈው ቃልና ነገሩን አይተው ከጻፉት ሰዎች ነው፤ ማለትም ከእማኝ። እነዚህ እማኞች የመሰከሩት ስለ መከራዋ ነው። ስለ ዛሬው ገበያዋ፥ ስለ አልጋ ቤቷና ስለ መናኸሪያዋ የሚመሰክረው ግን ጥቂት ነው፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በጦርነቱ ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ ያም ጥቂቱ ዝም ብሎ ነበር። አስተያየት የሚጽፍ እንግዳ የሌለበትን ከተማ «ዝና የለውም» ብሎ ወደ ኋላ ማስቀረት ድምፁ የተዘጋበትን ሰው «አልመሰከረም» ብሎ እንደ መፍረድ ነው። የተሰወረ ቁጥር ሻጮች ገበያ የሚያገኙትም ከዚህ በደል የተነሣ ይመስለኛል፤ እማኝ ያጣ ሰው እማኝ የሚመስል ነገር ይገዛል።

ይህን ስል በፎቶግራፍ ውስጥ ያለው የቦታ ቁጥር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ስልኩ ራሱ በቦታው ሳለ የመዘገበውና ማንም ያልነካው ቁጥር ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ሀብት ነው። ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበትን በደብረ ታቦር አጠገብ ያለውን ጋፋትን፥ ወይም አንድ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ግንብን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ቁጥሩን ከማስታወሻ ደብተሩ ጋር ቢያቈየው በኋላ የሚመጣ ተማሪ ያንኑ ድንጋይ ያገኘዋል። በዊኪሚዲያ ኮመንስም እንዲህ ያለው ቁጥር ፎቶግራፉን በካርታ ላይ ለማሳየት ያገለግላል። በአንጻሩ ደግሞ የመኖሪያ ቤቱንና የልጆቹን ፎቶግራፍ በፋይል መልክ ለማያውቀው ሰው የሚልክ ሁሉ የደጁን ኬክሮስና ኬንትሮስ አብሮ እንደሚሰጥ ቢያውቅ መልካም ነው፤ ይልቁንም በዚህ ዘመን።

አንድ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ አንብቦ፥ «ታዲያ ካስተካከልኸው በኋላ ቤቱ ከፍ አለ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ነጥቡን ከትምህርት ቤቱ አጥር አውጥተን በቤቱ ደጅ አኖርነው፤ ስሙን በአማርኛም ጻፍነው፥ «አልጋ ቤት» የሚለውን ጨመርን፥ የተለወጠውን የስልክ ቁጥር አስተካከልን። ያደሩ ሾፌሮችም ያዩትን እንዲጽፉ አክስቴ ይጠይቃሉ፤ ሁለቱ ጽፈዋል፥ አንደኛው ስለ ሽሮው ብቻ ነው የጻፈው። በዝርዝሩ ላይ ድሮም የሚታዩት የከተማው ቤቶች ጥቂት ስለ ሆኑ፥ ሁለተኛ የነበረው የአክስቴ ቤት አሁንም ሁለተኛ ነው። ዘበኛው ግን ማታ ማታ የሚያንኳኳበት እንደሌለ ነግሮኛል። 12ቱን ፎቶግራፎች በተመለከተ፥ ቁጥር ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም በጥሩ ብርሃን የተነሡ ስለ ሆኑ አላነሣናቸውም፤ አክስቴም አንዱን አሳጥበው በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።